ሳይጠጣ የሰከረው ወንድሜ

ኃላፊያችንን የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ «መድረክ» እያለ ነው የሚጠራው፤ እሱ በሌለበት ማለቴ ነው። ማይክሮፎን ካየ ምራቁን የሚውጥ ሰው ነው። ፕሌት፣ ባክቴሪያ የምናሳድግበትን ባለክዳን ሳህን ማለቴ ነው፣ በእጁ ከነካ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ለመጨረሻ ጊዜ የነካ ዕለት በክዳኑ በኩል ብድግ አደረገውና ሥሩ ወለል ላይ ተከሰከሰ፤ እሱም «ይህን እንዲህ ያስቀመጠው ማነው?» ብሎ ወጣ። ለጎብኚዎች ንግግር ሲያደርግ ግን «በእነዚህ እጆቼ» ይላል። እጆቹ ለስላሳ ናቸው፣ ቅባት ይቀባቸዋል።

ሥራችን እንዲህ ነው። በሰው ሆድ ዕቃ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ ይኖራል፤ አብዛኛው ጨዋ ነው፣ አንዳንዱ ዋልጌ ነው። የተለመደው መድኃኒት ጨዋውንም ዋልጌውንም አብሮ ይፈጃል። እኛ የምንፈልገው ዋልጌውን ብቻ ለይቶ የሚገድል ቫይረስ ነው። እንዲህ ያለ ቫይረስ አለ። ሰውን አይነካም፤ የሚበላው ባክቴሪያ ነው፣ እሱንም መርጦ። የሚገኘው ደግሞ የከተማው ሆድ የጣለው ሁሉ በሚጠራቀምበት በፍሳሽ ማጣሪያው ነው። በጄሪካን ቀድቼ አመጣለሁ፣ አጣራለሁ፣ ባክቴሪያው በተዘራበት ፕሌት ላይ ጠብ አደርጋለሁ። በማግሥቱ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ጥርት ያለ ክብ ሆኖ ካገኘሁት ቫይረሱ አለ፣ ባክቴሪያውንም በልቶታል ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እነዚህን ክቦች ሳይ ኖሬአለሁ። ከሰው ይልቅ ፕሌት አምናለሁ፤ ይህንንም ለሰው ፊት ለፊት ነው የምናገረው።

አዲስ የሚቀጠሩትን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። የተዝረከረከ ፕሌት ያመጣልኝን ሰው ምንም አልለውም፤ ዓይኑ እያየ ፕሌቱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እከተዋለሁ። አንዷ አልቅሳ ሥራ ለቃለች። አሁን የባንክ ሠራተኛ ናት አሉ። ደንበኞቿን ነው ያዘንኩላቸው።

ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እናታችን ስትሞት የአሥር ዓመት ልጅ ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ባሳደግኩትም ነገር ብዙ አልተደሰትኩም። እሱን የሰደበውን ተሳፋሪ መልሶ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ነው። ሰው ገፍቶት ሲያልፍ «አይዞህ» ይላል። ልጅ ሆኖ ጓደኞቹ ኳሱን ሲቀሙት ቤት መጥቶ «እነሱ የበለጠ ይወዱታል» ብሎኛል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ያናድደኛል፤ ልቤን ስለሚያባባው ይሆናል የሚያናድደኝ፣ ግን ያናድደኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት እግሩ ቆስሎ ሦስት ወር ሙሉ መድኃኒት ዋጠ። ቁስሉ ዳነ። ከዚያ በኋላ ግን ምሳ በልቶ መሪ ሲይዝ ምላሱ ይተሳሰር ጀመር። ፌርማታ አልፎ ይሄዳል፣ ሳቅ ያመልጠዋል፣ ከሰዓት በኋላ ራሱን ያዞረዋል። ተሳፋሪዎች አመለከቱ። ድርጅቱ ትንፋሹን አስነፋው፤ ማሽኑ አንድ ጠርሙስ የጨረሰ ሰው የሚያወጣውን ቁጥር አወጣ። ከመሪው አነሱት። ሚስቱ በበኩሏ ትንፋሹ የመጠጥ ቤት በር ይመስላል ብላ ከልጆቹ ጋር መተኛት ከጀመረች ሰንብታ ነበር።

«እትዬ፣ የእናታችን አጥንት ይፋረደኝ፣ አልቀመስኩም» አለኝ።

«እናታችንን አትንካት» አልኩት። «ሁሉም ጠጪ እንዲህ ነው የሚለው። ቢያንስ አዲስ ውሸት ፈልግ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«እውነቱን!»

«እሱን እኮ ነው ያልኩሽ» አለና አንገቱን ደፋ። አንገቱን ሲደፋ ደሜ ይፈላል።

እጅ ከፍንጅ ልይዘው አሰብኩ። ቅዳሜ ጠዋት ላቦራቶሪ ወስጄ ትንሿ ክፍል ውስጥ አስገባሁት። ኪሱን ፈተሽኩ፣ ጫማውን አስወልቄ አየሁ፣ ውሃውን ራሴ ቀዳሁለት። ፊት ለፊቱ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩና ግማሽ ዳቦ በስኳር ሻይ አበላሁት። ለሽንት ሲሄድ እንኳ በሩ ላይ ቆሜ ነው የጠበቅኩት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፊቱ ቀላ፣ ከማቀዝቀዣው ጋር መከራከር ጀመረ። «አንተ ዝም ብለህ ታጉረመርማለህ፣ ማን ነካህ?» ይለዋል። በተዋስኩት የትንፋሽ መለኪያ አስነፋሁት። ቁጥሩ ከተፈቀደው ሦስት እጥፍ በላይ ነበር።

ያኔ ገባኝ። መድኃኒቱ ጨዋውን ባክቴሪያ ፈጅቶ ሲጨርስ አንዱ ዋልጌ ቦታውን ተቆጣጥሮ፣ ወንድሜ የበላውን ዳቦ ሁሉ ሆዱ ውስጥ አልኮል ያደርገው ነበር። ሰውየው ጠማቂ ሆኗል፤ ጋኑም ራሱ ነው። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። «ይኸው፣ አገኘሁልህ» አልኩት፣ ጥሎት የሄደውን ጃንጥላ ያገኘሁለት ይመስል። እሱ ግን እጄን ይዞ አለቀሰ። ስካር ነው ብዬ እጄን ነጠቅኩት።

መድረክ ወሬውን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ፤ በሥራ ሰዓት ሲነሣ ሳየው ብርቅ ሆነብኝ። «ሳይጠጣ የሚሰክር ሾፌር!» አለ። «ይሄ እኮ አዳራሽ ይሞላል!» አዳራሹን በዓይነ ኅሊናው እያየው እንደነበር እማኝ ነኝ። ለአውቶቡስ ድርጅቱ ራሱ ደወለ፣ ረጅም ደብዳቤም ጻፈ። ድርጅቱ ተስማማ፦ ቫይረሱን አሥራ አራት ቀን ይውሰድ፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን የአስተዳደር ኃላፊው ባለበት ይነፋ፤ ትንፋሹ ንጹሕ ከሆነ ወደ መሪው ይመለሳል፣ ካልሆነ ይሰናበታል። ወንድሜ ቀኑን በግድግዳ ቀን መቁጠሪያው ላይ አከበበው። ሚስቱም «እስቲ እናያለን» አለች፤ እስቲ እናያለን ማለት ከእሷ አፍ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራው ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ፤ ደስም አለኝ፣ ሌላ ሰው ቢሠራው ያበላሸዋልና። ከወንድሜ ሰገራ ባክቴሪያውን ለይቼ አወጣሁ። ፕሌቱ ላይ አብዛኛው ንፍጥ የሚመስል፣ ሲነኩት እንደ ሙጫ የሚለጠጥ፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚቀላቀል ጉድ ነበር። እንዲህ ባለው ላይ ጠብታ ብታስቀምጥ ይንሸራተታል፣ ክቡም አይነበብም። ስለዚህ ከአንዱ ፕሌት ወደ ሌላው ሦስት አራት ጊዜ አዛወርኩትና፣ ዳር ላይ ከወጡት ውስጥ ደረቅ፣ ክብ፣ ሥርዓት ያለውን መረጥኩ። ያው ዝርያ ነው፤ አረጋግጫለሁ። ንፍጡን ጣልኩት። ንጹሕ ፕሌት ነው የምወደው።

አራተኛው ጄሪካን ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ክቡ ጥርት ያለ፣ ከሥሩ ጋዜጣ ቢቀመጥ የሚነበብ ነበር። መድረክ ፎቶ ተነሣ፤ ፕሌቱን በትክክል እንዲይዘው እኔ ነኝ ጣቶቹን ያስተካከልኩለት። ቫይረሱን አራባሁ፣ ከባክቴሪያው ፍርስራሽ አጠራሁ፣ በትንንሽ ብልቃጥ ሞላሁ። ወንድሜ በየማለዳው መጀመሪያ የሆድ አሲዱን እንዲያበርድለት ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ብልቃጡን ይጨልጣል።

«ከየት ነው የተገኘው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አትጠይቅ።»

«ይሸታል እኮ፣ እትዬ።»

«አንተም ትሸታለህ» አልኩት። ሳቀ። በእነዚያ አሥራ አራት ቀናት ብዙ ይስቅ ነበር፤ የስካር ይሁን የተስፋ ለይቼ አላየሁትም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄድን። የአስተዳደር ኃላፊው እስክሪብቶ በጆሮው ሰክቶ ሌላ እስክሪብቶ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ነው። መድረክ አዲስ ከረባት አድርጓል። ዕቅዱ ግልጽ ነበር፦ ወንድሜ ባዶ ሆዱን መጥቶ ይነፋል፣ እዚያው ይበላል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይነፋል። ገና ሲገባ አስነፉት። ማሽኑ ጮኸ። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ቁጥር አይተናነስም።

«ባዶ ሆድህን ና አልተባልክም?» አለው ኃላፊው።

«እጄ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ ሚስቴ ዳቦ ሰጠችኝ። ሁለት ቁራሽ ናት፣ ጌታዬ። ዳቦ ብቻ ነው።»

መድረክ ጉሮሮውን ጠረገ። የጠራውን ፕሌት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና፣ የራሱ ጣቶች በደንብ እንዲታዩ አድርጎ ወደ ኃላፊው አዞረው። «ሳይንሱ የሚያሻማ አይደለም» አለ። «ቫይረሱ ባክቴሪያውን ይገድላል። ታካሚው ግን... እንግዲህ የታካሚውን ነገር እኛ ልንቆጣጠረው አንችልም።» ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው! አዳራሹን ለማዳን ወንድሜን አሳልፎ ሲሰጥ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ እህቱ ነዎት፣ ባለሙያም ነዎት። ምን ይላሉ?»

አሁን ሳስበው «አላውቅም፣ ልየው» ማለት እችል ነበር። ሁለት ቃል ነው። ግን ፕሌቴን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ፕሌቴ ልክ ከሆነ ደግሞ ባክቴሪያው ሞቷል። ባክቴሪያው ከሞተ ሽታው ከሌላ ቦታ ነው። በሽታው አንዴ ሰበብ ስለሆነለት ሰውየው በሽፋኑ መጠጣት ጀምሯል፤ እንዲህ አሰብኩ፣ ላስብም ጊዜ አልፈጀብኝም።

«ቫይረሱ ሥራውን ሠርቷል» አልኩ። «ይሄ ከሆዱ የመጣ አይደለም፣ በአፉ የገባ ነው።» ወደ ወንድሜም ዞሬ «አታፍርም?» አልኩት።

ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸም። ማሽኑን በሁለት እጁ እንደያዘ ዓይን ዓይኔን እያየ «እትዬ፣ አንቺ ካልሽ...» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ማሽኑን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እኔ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

የወንድሜ የአሥራ አምስተኛው ቀን የሰገራ ናሙና እጄ ላይ ነበር። በማግሥቱ ፕሌት ላይ ዘራሁት፤ ባክቴሪያው መጥፋቱን በማስረጃ አሳይቼ አፉን ላስዘጋው ነበር ዓላማዬ። ፕሌቶቹ በሙቀት የሚያድሩበትን ኢንኩቤተር ስከፍት ፕሌቱ ከዳር እስከ ዳር ንፍጥ ነው። ያው ዋልጌ፣ እንደ ድሮው፣ ምንም እንዳልደረሰበት። ቫይረሴን ጠብ አደረግኩበት። በማግሥቱ ጠብታው ያረፈበት ቦታ የቱ እንደሆነ እንኳ አይታወቅም ነበር።

ያኔ የጣልኩት ንፍጥ ትዝ አለኝ። ንፍጡ እኮ የባክቴሪያው ልብስ ነው። በሰው ሆድ ውስጥ ለብሶ ነው የሚኖረው፤ እኔ ፕሌት ላይ ሳመላልሰው አንዳንዱ ምቾት ሲያገኝ ልብሱን ጣለ፣ እኔም ራቁቱን የቆመውን «ሥርዓት ያለው» ብዬ መረጥኩት። ያገኘሁት ቫይረስ ራቁቱን ባክቴሪያ እንጂ የለበሰውን የሚይዝበት እጅ የለውም። አሥራ አራት ማለዳ ወንድሜን ያጠጣሁት ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ስህተት አዲስ ተቀጣሪ ቢሠራው ፕሌቱን ሳይሆን እሱን ራሱን ነበር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የምከተው። ሃያ ስድስት ዓመት ሰውን ስንቅበት የኖርኩበት ንጽሕና ነው ወንድሜን ውሸታም ያስባለው። እኔን ነው ያስዋሸኝ፤ እሱማ አንድም ቀን አልዋሸም።

መድረክ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት።

«የጥናቱ ጽሑፍ ለመጽሔት ተልኳል» አለኝ ከስልኩ ቀና ሳይል። «‹አንድ ታካሚ መመሪያውን አላከበረም› በሚል አልፈነዋል።»

«እኔ ነኝ ያላከበርኩት፣ ዶክተር።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ሰውየው እኮ አልጠጣም!»

«ታዲያ እኔ ጠጣ አልኩ? ያልሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ሰውየውን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ንቄው አላውቅም፤ የተናገረው ደግሞ እውነት ነበር።

ወደ ጄሪካኔ ተመለስኩ። አሁን ንፍጡን ራሱን ዘርቼ፣ የሚንሸራተተውን ጠብታ እየረገምኩ፣ የለበሰውን የሚበላ ፈለግኩ። አሥራ ስምንት ቀን ፈጀብኝ። ሲገኝ የሚያምር አልነበረም። ክቡ የተንሻፈፈ፣ ዙሪያው ደብዛዛ፣ ፎቶ የማይወጣለት ነገር ነው። ግን ልብሱን ያቀልጠዋል፣ ባለቤቱንም ይገድላል። በዚያው በአሥራ አምስተኛው ቀን ናሙና ላይ ሦስቴ ፈተንኩት። ብልቃጦቹን ይዤ ቤቱ ሄድኩ፤ ሚስቱ «ሥራ ላይ ነው» አለችኝ።

አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ አገኘሁት። የጎማ ቦት ጫማ አድርጎ ረጅም ብሩሽ ይዞ የአውቶቡስ ጎን ያጥባል። እኔን ሲያይ ውሃውን ዘጋ።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አልኩት። «ቫይረሱ አልሠራም። አልጠጣህም። ይሄኛው ይሠራል። ነገውኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ብሩሹን አውቶቡሱ ላይ አስደገፈ። «ፈርሜአለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«ምን ብለህ?»

«‹ጠጪ ነኝ› ብዬ። የሚፈርም ሰው አይባረርም። ስድስት ወር አውቶቡስ ያጥባል፣ በሳምንት ሁለቴ ከሌሎች ጠጪዎች ጋር ተቀምጦ ይናገራል፣ ካቆመ ወደ መሪው ይመለሳል።»

«ሳትጠጣ ለምን ትፈርማለህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

«አንቺ ጠጥቷል አልሽ» አለኝ፣ ምንም ሳይቆጣ። «አንቺ ደግሞ ታውቂያለሽ። ቤት ገባሁና ምናልባት በእንቅልፍ ልቤ እየተነሣሁ እጠጣ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሚስቴን ብርጭቆዎቹን ሁሉ በየማለዳው እንድታሸት አድርጌአት ነበር። ዱቄት ወለሉ ላይ በትኜ ዱካዬን ጠብቄአለሁ። ምንም አላገኘሁም። ግን አንቺ ካልሽ፣ የማላገኘው እኔ ስለማላውቅ ነው አልኩ።»

ብልቃጦቹን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ውሃውን መልሶ ከፈተ። ይቅርታ የሚባለውን ቃል አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ፤ ለካ አላወጣውም፣ ለማንም አውጥቼው ስለማላውቅ መንገዱን አያውቀውም። ውሃው ጫማዬን እያረጠበው ወጣሁ።

በዘጠነኛው ቀን ትንፋሹ ዜሮ ሆነ። ዳቦ በልቶ ዜሮ፣ የስኳር ሻይ ጠጥቶ ዜሮ። ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ የፕሌቶቹን ፎቶ አያያዝኩ፣ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ በራሴ ስም ፈረምኩ፣ ለአስተዳደር ኃላፊው ወስጄ ሰጠሁት። አንዱን ገጽ አንብቦ ወረቀቱን አጠፈው።

«ወንድምዎ ጥሩ ለውጥ እያሳየ ነው» አለ። «ለምን ያበላሹበታል?»

«አልጠጣም ነው የምልዎት!»

«እዚህ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው። እኛ ጋ ‹አልጠጣም ነበር› የሚል ሰው ገና አልዳነም። እሱ ራሱ ፈርሟል። የፈረመው ውሸት ነው ካሉኝ ደግሞ፣ ለድርጅቱ የሐሰት ቃል ሰጥቷል ማለት ነው፤ የሐሰት ቃል የሰጠ ሾፌር አናስቀምጥም። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ላስገባው ወይስ ይዘውት ይሄዳሉ?»

ይዤው ሄድኩ።

ስድስት ወሩ ሲያልቅ በድርጅቱ አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የምስክር ወረቀት መስጫ ተዘጋጀ። ሚስቱ የክት ልብሷን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች፤ ልጆቹ ጎኗ ናቸው። ከልጆቹ መኝታ ቤት ወደ ባሏ ክፍል ከተመለሰች ወር ሞልቷታል፤ ለጎረቤቱ ሁሉም «አቆመልኝ» እያለች ታወራለች። ከኋላ ሾፌሮችና ቲኬት ቆራጮች ሞልተውታል። እኔ መጥቼ የተቀመጥኩት ደብዳቤውን በቦርሳዬ ይዤ ነው። ተነሥቼ ላነበው ቆርጫለሁ፤ መዝገብ ቤት ባይገባ እንኳ ሰው ይስማው።

ወንድሜ ወደ መድረኩ ወጣ። ማይክሮፎኑን ያዘ። ተነሣሁ።

«ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ...» አልኩ።

አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ወንድሜ ከላይ ሆኖ «እትዬ፣ ቁጭ በይ» አለ። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ እሱ እንዲህ አድርጎ ሲያዘኝ የመጀመሪያው ነበር። ተቀመጥኩ።

ከዚያ ተናገረ። መጠጥ የጀመረበትን ቀን ተናገረ፤ ዝናብ ነበር አለ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ማን እንደቀዳለት፣ ጠርሙሱን ከወንበሩ ሥር በምን ጠቅልሎ ይደብቅ እንደነበር፣ ልጆቹን ሲስም ትንፋሹን እንዴት ይይዝ እንደነበር ተናገረ። አንድም ቦታ አልተደነቃቀፈም። ሚስቱ አለቀሰች። አጠገቤ ያለ ቲኬት ቆራጭ አፍንጫውን ጠረገ። ያ ኳሱን የሚቀሙት ልጅ እንዲህ አድርጎ መዋሸት ከየት ተማረ ብዬ ሳስብ፣ እኔን እኔን እያየ እንደሚናገር አስተዋልኩ።

«ሰው ሁሉ ሲያዝንልኝ፣ ሰው ሁሉ ሲሸፋፍንልኝ» አለ፣ «በሰው ፊት ‹ጠጪ ነህ› ያለችኝ አንዲት ሰው ናት። እሷ ባትልልኝ ኖሮ ዛሬም አልጠጣም እያልኩ እኖር ነበር። እህቴ ናት። እዚያ ጋ ተቀምጣለች።»

ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረም። እኔ ሰው የምንቅበትን ፊት አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ አድርጌው ዞሬአለሁ፤ ያን ዕለት እሱ ነበር ያደረገው።

አዳራሹ ሙሉ ወደ እኔ ዞሮ ብድግ አለና አጨበጨበልኝ። የወንድሜ ሚስት ወንበሯን ትታ መጣች፣ አንገቴን አቅፋ «እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ።